በግራ የታጠቀው ሰው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ማርች 5 ቀን 2008

ለተከበሩ አቶ ፀሐዩ ይርዳው
ሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

ደብዳቤዎ ሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ሴቨን ኮርነርስ ካለው የሐበሻ ሱቅ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አይቶ የጻፈልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌላ አንድ ሰው ደውሎ ነበር፤ እሱ ግን ጋሻ የምሸጥ መስሎት ነው።

ሦስት ነገር ጠይቀውኛል፤ በተራ ልመልስ።

«የማን ልጅ ነሽ?» ላሉኝ፣ የወይንሐረግ በፈቃዱ እባላለሁ። አባቴ አዲስ አበባ ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔም አገር ቤት ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። እዚህ ከመጣሁ ስምንተኛ ዓመቴ ነው፤ አምስቱን ያሳለፍኩት ፓርኪንግ በር ላይ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ነው።

«ምን ዓይነት ቤተ መጻሕፍት ነው?» ላሉኝ፣ ስለ ጥንት የጦር መሣሪያና ስለ ብረት ልብስ የተጻፉ መጻሕፍት ብቻ የተሰበሰቡበት ነው። አንድ ሀብታም ሰው በኑዛዜ የተዉት ባለ ሦስት ፎቅ የሸክላ ቤት ሲሆን ከወንዙ ብዙም አይርቅም። አሥራ አንድ ሺህ ያህል መጽሐፍ አለን። አንድም ጎራዴ የለንም። ጎብኚ ይመጣል፣ ዙሪያውን ያያል፣ «ጎራዴዎቹ የት ናቸው?» ይላል፣ መጽሐፍ ብቻ መሆኑን ስነግረው ይሄዳል። እኔ ካታሎግ አዘጋጅ ነኝ። ከኔ ሌላ ዳይሬክተሩ ሚስተር ሃርግሮቭና አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ብቻ አሉ።

«ሴት ልጅን ከጦር መሣሪያ ምን አገናኛት?» ላሉኝ፣ ሥራ ፍለጋ ነው ያገናኘን። የጎራዴን ስም በሰባት ቋንቋ አውቃለሁ፤ ከወጥ ቤት ቢላ ሌላ ስለት ግን ይዤ አላውቅም።

ለርዳታ የምፈልግዎ ስለዚህ ነው። አንድ የውጭ አገር ተጓዥ በ1924 ዓ.ም. ገደማ በአገራችን ያነሳቸው አርባ ፎቶግራፎች በሣጥን አሉን። ጋሻና ጎራዴ የያዙ ሰዎች ናቸው፤ ከሥራቸው የተጻፈው ግን በአብዛኛው ግምት ነው። የሦስቱን ፎቶኮፒ ልኬያለሁ። የጋሻ ነገር ያውቃሉና የሚያዩትን ይጻፉልኝ። ስልክ ቁጥርዎንም ቢልኩልኝ ደውዬ አመሰግንዎ ነበር።

አክባሪዎ
የወይንሐረግ በፈቃዱ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 5 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የወይንሐረግ በፈቃዱ

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስልክ አለኝ፤ ሲጮህ እሰማዋለሁ፣ ሲናገር ግን አልሰማውም። ጌይተርስበርግ ያለችው ልጄ ቤዛዊት ስትደውል ጎረቤቴ አቶ ሽኩር ይቀበልና ያለችውን በጆሮዬ ይጮህልኛል። የኔን መልስ ግን እሱ እንደመሰለው ነው የሚነግራት። ባለፈው ወር ሐኪም ዘንድ ሳልሄድ «ሄዷል፣ ደህና ነው ብለውታል» አላት። ስለዚህ ነገራችን በወረቀት ይሁን። አሌክሳንድሪያ ድረስ ልምጣ እንዳልል፣ በዚያ ባለ ስምንት መስመር መንገድ መንዳት ከተውኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል።

ሽኩር የወሎ ሰው ነው። ማስታወቂያሽን ገንጥሎ ያመጣልኝ እሱ ነው። «ፊታውራሪ፣ የአባትህን ጋሻ የሚፈልግ ሰው ተገኘ!» አለኝ። ፊታውራሪ የሚለኝ አባቴ ፊታውራሪ ስለነበሩ ነው። በልጅነቴ ነው የሞቱብኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ያለው ጋሻ የጎሽ ቆዳ ነው። ጠርዙን እዪው፣ እንደ እንጀራ ጠርዝ አልሳሳም፤ እስከ ዳር ወፍራም ነው። ሁለተኛው የበሬ ነው፤ ለሰልፍ ያምራል፣ ጦር ግን አይመልስም። የበሬ ቆዳ ሲሆን ርጥቡን በጉድጓድ አፍ ላይ ዘርግተሽ ዙሪያውን በችካል ትወጥሪውና መካከሉን በድንጋይ ትጫኚዋለሽ፤ እየደረቀ ወደ ታች ይጎደጉዳል። የሚደርቀው ጥላ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ ያሰጣው ሰው ጋሻ ሳይሆን ሰፌድ ነው የሚያገኘው። በየማታው ችካሉን አንድ ጣት ያህል ወደ ውጭ ታወጪዋለሽ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስጋው በደንብ ካልተፋቀ በሦስተኛው ቀን ይሸታል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርጊው አይመለስም።

ስለ ሦስተኛው ፎቶግራፍ የምለው የለኝም። ፎቶኮፒው ደብዛዛ ነው። የጠራ ካለሽ ላኪልኝ። ከሥሩስ ምን ተጽፏል?

ፀሐዩ ይርዳው


አሌክሳንድሪያ፣ ማርች 27 ቀን 2008

ለተከበሩ አቶ ፀሐዩ

ጤናዎ እንዴት ነው? አቶ ሽኩርንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ሐኪም ዘንድም በውነት ይሂዱ።

ጠርዙን እንዳይ ባዘዙኝ መሠረት አርባውንም በማጉያ መነጽር አየሁ። ሃያ ሦስቱን የጎሽ፣ የቀሩትን የበሬ ብዬ ለየሁ። ሚስተር ሃርግሮቭ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘሁት ጠየቁኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አልኳቸው።

ከሦስተኛው ፎቶግራፍ ሥር የተጻፈው «ስሙ ያልታወቀ የአቢሲኒያ መኮንን ከጋሻው ጋር» የሚል ነው። የጠራውን ቅጂ ልኬያለሁ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በታተመው አሮጌ ካታሎጋችን ላይ የወጣው ይኸው ነው። እንደሚያዩት ሰውዬው ጎፈር ደፍቶ ጎራዴ ታጥቆ ቆሟል፤ ጋሻው በርጩማ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ ጠርዙን ይዞታል። አዲሱ ካታሎግ በመስከረም ይታተማል። እስከ ኦገስት 29 ድረስ ማረም እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የተጻፈው እንደተጻፈ ለሌላ ሠላሳ ዓመት ይኖራል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ደፋር ካልሆንኩብዎ። የፊታውራሪ ልጅ ጋሻ እንዴት እንደሚያዝ ቢያውቅ አይደንቀኝም። ችካሉ በየማታው በስንት ጣት እንደሚወጣ ከማን ሰሙ?

አክባሪዎ
የወይንሐረግ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 30 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ የወይንሐረግ

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሁለቱን ቀድጃለሁ። ከዚህ የሚከተለው ለአንቺ ብቻ ነው፤ ለአለቃሽም አይሁን።

አባቴ ፊታውራሪ አልነበረም። ፋቂ ነበር። ቃሉን አንቺ በመጽሐፍ አግኝተሽው ይሆናል፤ እኔ የሰማሁት ከጎረቤት ልጆች አፍ ነው። አንኮበር አጠገብ ቆዳ እየፋቀ ጋሻ ይሠራ ነበር። የሠራውን ጋሻ መኳንንቱ ደስ ብሏቸው ይሸከሙታል፤ እሱ የጠጣበትን ዋንጫ ግን ማንም አይጠጣበትም። ዓይኑንም ይፈሩት ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ሞተ። እናቴ አዲስ አበባ አምጥታ አስተማረችኝ፣ ጸሐፊም ሆንኩ።

ሚስት ላገባ ሽማግሌ በላክሁ ጊዜ የሚስቴ አባት «አጥንቱ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊረዳኝ ብሎ «አባቱ ፊታውራሪ ነበሩ፤ ሞተዋል» አለ። እኔም አላረምኩትም። ያ ፊታውራሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኛ ጋር ይኖራል። ሚስቴ እስከ ሞተችበት ቀን አላወቀችም። ቤዛዊትን ሊያገባት ዓብዩ ሽማግሌ ሲልክ ደግሞ በኔው ቤት፣ በኔው አፍ ደገምኩት። ዓብዩ ደግ ልጅ ነው፤ ግን ትልቅ ነገር ይወዳል። ጌይተርስበርግ ቤዝመንቱ ውስጥ ከየት እንደገዛው የማላውቀው ጋሻ ሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ፊታውራሪ አያታችን የያዙት ዓይነት» ይላል።

አሁን ስለ ፎቶግራፉ። ፎቶኮፒውን ገና ሳየው ያየሁት እጁን ነው። ጋሻ የሚሸከም ሰው ጋሻ እንዲህ አይዝም። አውራ ጣቱን ከውስጥ፣ አራቱን ጣቶች ከውጭ አድርጎ ጠርዙን የሚዳስሰው ሠሪ ነው፤ መድረቁን የሚፈትሽበት ነው። ጎፈሩም ጎራዴውም የራሱ አይደለም፤ ፎቶ አንሺው ያለበሰው ነው። ፊቱም የመሰለኝን መሰለኝ። የአባቴ ፎቶግራፍ የለንም። ፊቱን ላስታውስ ስሞክር ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ጣቱ ነው፤ የግራ አውራ ጣቱን መፋቂያ ከአንጓው በላይ ቆርጦታል።

ለዚህ ነው የጠራውን ላኪልኝ ያልኩሽ። ላክሽልኝ፤ አየሁት። በፎቶው ላይ ያለው ሰው አውራ ጣቱ ጎዶሎ ነው፤ ግን የቀኙ ነው። የግራው ሙሉ ነው። ደግሞም ጎራዴውን በግራው ታጥቋል፤ የኛ ሰው በቀኙ ነው የሚታጠቀው፣ ጋሻው በግራ ክንድ ስለሚውል እንዳያውከው። ይህ ሰው ግራኝ ነው፤ አባቴ ግራኝ አልነበረም። ሌላ ሰው ነው። እጅ የማይጎድልበት ፋቂ የለም።

እፎይ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ። እንደተጻፈው ተይው።

ፀሐዩ


አሌክሳንድሪያ፣ ሜይ 2 ቀን 2008

ለአባቴ አቶ ፀሐዩ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳልሰጥ በመቅረቴ ይቅር ይበሉኝ። «ታማ ይሆን?» ብለው ለጠየቁበት ካርድ፣ አልታመምኩም። የምጽፈውን ነገር ሳላጣራ መጻፍ ስለፈራሁ ነው። ካጣራሁ ደግሞ አሥር ቀኔ ነው፤ በዓሉን ሳያልፉ ልልክብዎ አልፈለግኩም።

እንደተጻፈው ተይው ብለውኝ ነበር። «የኛ ሰው በቀኙ ነው የሚታጠቀው» ያሉትን ግን መተው አልቻልኩም። ሣጥኑን እንደገና ከፈትኩ። ጎራዴ የታጠቁ ሰዎች ያሉባቸው ፎቶግራፎች አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ አንዱ በቀኝ የታጠቁ ናቸው። በግራ የታጠቀው የእርስዎ ሰው ብቻ ነው። የሁሉም መነሻ የሆኑት የመስታወት ኔጌቲቮች ምድር ቤት ናቸው፤ ወርጄ የሱን አወጣሁ። ከመያዣው ፖስታ ላይ ከኔ በፊት የነበሩት ካታሎግ አዘጋጅ በርሳስ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ተገልብጧል፤ ጎራዴው በግራ እንዲውል አስተካክዬ አሳትሜዋለሁ።»

ሰውዬው ስለ ጎራዴ ብዙ የሚያውቁ ነበሩ፤ ስሕተቱም የመጣው ከዕውቀታቸው ነው። በዚህ ቤት ባሉ መጻሕፍት ሁሉ ጎራዴ በግራ ነው የሚንጠለጠለው። በቀኝ ሲያዩት መስታወቱ በተሳሳተ ፊቱ የታተመ መሰላቸው፤ ለካታሎጉ የመረጡት እሱን ብቻ ስለነበር እሱን ብቻ ገለበጡት። ሰውዬውን ግራኝ ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

በትክክለኛው ፊቱ አሳትሜ ልኬልዎታለሁ። ቡናማው ፖስታ ውስጥ ነው። እባክዎ ተቀምጠው ይክፈቱት።

አባትዎ ከሆኑ ስማቸውን ልጻፍ? ያለ ፈቃድዎ ግን አንድ ፊደል አልጽፍም። ምስጢርዎን ስለነገሩኝ የኔንም ልንገርዎ፤ እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ፔንታጎን ነው የምትሠራው ብላለች። «ቨርጂኒያ፣ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤት» ብዬ የጻፍኩላት እኔ ነኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አላረምኳትም። ወንድሜ «ለምን ዓይነት መሣሪያ ነው ኃላፊነቱ?» ሲለኝ «ለከባድ» ብዬዋለሁ። መጻሕፍቱ በውነት ይከብዳሉ።

አክባሪዎ
የወይንሐረግ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ የወይንሐረግ

እሱ ነው።

የግራ አውራ ጣቱ ነው። ፊቱም አሁን የሱ ሆነ፤ ፊት ሲገለበጥ ሌላ ሰው እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ወንድሜ በሕይወት ቢኖር «አንተን ነው የሚመስለው» ይለኝ ነበር። እኔ ግን አሁን ከሱ በአርባ ዓመት እበልጣለሁ፤ ልጄ ነው የሚመስለው።

ስላደረግሽው ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሙን ልጻፍ ወይ ላልሽው መልሴ አትጻፊ ነው። ስሙ ከተጻፈ ሥራው ይጻፋል፤ ሥራው ከተጻፈ ዓብዩ ያነበዋል፤ ዓብዩ ካነበበው ወላጆቹ ይሰማሉ። የልጄ ትዳር ሃያ ሁለት ዓመት የቆመው በኔ ቃል ላይ ነው። ያልታወቀ ሰው ሆኖ ይቆይ፤ እኔ አውቄዋለሁ፣ ይበቃል።

ፎቶግራፉን የሜዲኬር የሕክምና ወረቀቶች ሥር ደብቄው ነበር። ሽኩር መነጽሬን ሲፈልግልኝ አገኘው።

«ይኸ ደግሞ ማን ነው?» አለ።

«አባቴ።»

«ፊታውራሪው? እጁ ምን ሆነ?»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነገርኩት። እሱም «ስማ፣ እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ» አለኝ። «አባቴ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ ሲሸምን ነው ያደግሁት። ይኸው እዚህ ሕንፃ ውስጥ ካንተ እኩል ሊፍት እጠብቃለሁ።»

«አንተ ለማንም አልዋሸህም።»

«ማን ጠየቀኝ? ሸማኔን አጥንትህ ማን ነው የሚለው የለም» አለና ሳቀ። ወጥቶ ሲሄድ በር ላይ ዘወር ብሎ «ደህና እደር፣ ፊታውራሪ» አለኝ። ተሳደበ ወይስ አከበረኝ አላወቅሁም።

ፀሐዩ


አሌክሳንድሪያ፣ ጁን 12 ቀን 2008

ለአባቴ አቶ ፀሐዩ

ቃልዎን አከብራለሁ። በኋላ በላኩት ካርድ «ተቀየምሽ ወይ?» ላሉኝ፣ አልተቀየምኩም፤ በምንም።

«ያለ ስሙ ምን ተብሎ ይወጣል?» ለሚለው መልሴ ይኸው፦ «ያልታወቀ ሰው ከጋሻ ጋር።» መኮንን የሚለውን ቃል አውጥቻለሁ፤ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ልተወው አልችልምና። ሚስተር ሃርግሮቭ ለምን እንደወጣ ጠይቀውኛል። አያያዙ የሠሪ አያያዝ ነው ብያቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

እሳቸው ግን አንድ ነገር አሉኝ፤ ልደብቅዎ አልችልም። እዚህ ቤት ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ግድግዳ ሙሉ የሠሪዎች መጻሕፍት ናቸው። የጣልያን የብረት ልብስ ሠሪ፣ የጀርመን ጎራዴ ሠሪ፣ የጃፓን ስለት ሠሪ፤ እነማን እንደነበሩ፣ ከማን እንደተማሩ፣ ምልክታቸው ምን እንደሆነ የተጻፈበት ነው። ሰው ከሩቅ አገር አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣው እነዚያን ስሞች ፍለጋ ነው። ጎራዴውን ማን እንደታጠቀው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሚስተር ሃርግሮቭ «ከኢትዮጵያ ስንት ጋሻ ሠሪ በስም እናውቃለን?» አሉኝ። ፈለግኩ። ሦስት ቀን ፈለግኩ፤ በዚህ ቤት ውስጥ አንድም የለም። የተሸከሙት መኳንንት ስም ሞልቷል።

ይህን የምጽፈው ልጫንዎ ብዬ አይደለም፤ ልደብቅዎ ስላልቻልኩ ነው። ቀኑ ኦገስት 29 ነው። ቢፈልጉ ደግሞ ምንም ሳይጻፍ መጥተው መስታወቱን ራሱን ያዩታል። ከወረቀቱ በጣም የጠራ ነው።

የወይንሐረግ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ የወይንሐረግ

ዝምታዬ ኩርፊያ አይደለም። ደብዳቤሽን እያነበብኩ ሰነበትኩ፤ በተለይ ያንን ግድግዳ። ትናንት እሑድ ጌይተርስበርግ ምሳ ጠርተውኝ ነበር። ፎቶግራፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ።

ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና «አባቴ ይህ ነው» አልኩ። ዓብዩ ብድግ አለ። «ፊታውራሪ! ጎፈሩን እዪው ቤዚ! ጎራዴውን እዪው!»

«ጎፈሩ የፎቶ አንሺው ነው» አልኩት። «ጎራዴውም የሱ ነው። የአባቴ ጋሻው ብቻ ነው፤ እሱንም የሠራው ለሰው ነው። ፋቂ ነበር።»

ሶሊ፣ የልጅ ልጄ፣ ዘንድሮ ኮሌጅ የገባችው፣ «ፋቂ ምንድን ነው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔ ነገርኳት።

«ሶ... ሜከር ነው?» አለች። «አባባ፣ ሂ ሜድ ዚስ? በእጁ?»

«በእጁ።»

«ታዲያ ሁሉም ለምንድን ነው ዝም ያለው?»

ቤዛዊት አለቀሰች። ያለቀሰችው ግን በአባቴ ሥራ አይደለም። «አርባ ዓመት ሙሉ ብቻህን ይዘኸው!» አለችኝ፤ «እማዬ እንኳ ሳታውቅ!» ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቁጣዋን እንጂ ሐዘኔታዋን አልጠበቅሁም።

ዓብዩ ተነስቶ ቤዝመንት ወረደ። ሄዶ ቀረ ስል ያንን ጋሻውን አውርዶ፣ እንደ ትሪ በሁለት እጁ ይዞ መጣና ፊቴ አስቀመጠው። «ይኸስ?» አለኝ። «ይኸ እንዴት ነው፣ አባባ? እውነተኛ ነው?»

ገለበጥኩት። ጠርዙን ዳሰስኩ። የፍየል ቆዳ በጣውላ ላይ ተለጥፎ ነው፤ ምስማሩ የፋብሪካ ነው።

«የከበሮ ቆዳ ነው» አልኩት።

«ለእንግዳ ሁሉ ያሳየሁት?»

«ለእንግዳ ሁሉ።»

«ወይኔ!» አለና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ አላባራ አለው። ከዚያ ረጋ ብሎ «ለአባቴ እኔ ነኝ የምነግረው፤ እርስዎ አይግቡበት» አለኝ። ምን ብሎ እንደሚነግራቸው አልጠየቅሁም። ዛሬ ጠዋት ሽኩር ስልኩን ተቀብሎልኝ ነበር። ዓብዩ ነግሯቸዋል። «አባቴ 'የኔም አያት ሁሉን አልነገረኝ ይሆናል' አሉ» ይላል፤ ወይም ሽኩር ነው እንዲህ ያለው። በሁለቱም ደስ ብሎኛል።

ጻፊው። ይርዳው ወልደ ጻድቅ፣ ጋሻ ሠሪ። ፋቂ የሚለውንም ጻፊው፤ እውነተኛ ስሙ ነው። ቅዳሜ ኦገስት 9 ዓብዩ ይዞኝ ይመጣል።

ፀሐዩ


አሌክሳንድሪያ፣ ኦገስት 12 ቀን 2008

ለአባቴ አቶ ፀሐዩ

በሰላም መግባትዎን ከወይዘሮ ቤዛዊት ሰማሁ። በመጨረሻ አየሁዎ! ከደብዳቤዎ ረዥም ነዎት።

ስለ ሚስተር ሃርግሮቭ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጆሮዎ እንደማይሰማ ነግሬያቸው ነበር፤ ሰው ካልሰማቸው የበለጠ የሚናገሩ ሰው ናቸው። አቶ ዓብዩንም ያመስግኑልኝ፤ ሚስተር ሃርግሮቭን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይዞ ባያቆይልን ሥራችንን አንጨርስም ነበር።

«ምን ብለሽ ጻፍሽው?» ብለው በመኪናው መስኮት ለጠየቁኝ፣ ቃሉ ይኸውና፦ «ይርዳው ወልደ ጻድቅ፣ ጋሻ ሠሪና ፋቂ፣ አንኮበር አጠገብ፣ 1924 ዓ.ም. ገደማ። ጎራዴውና ጎፈሩ የራሱ አይደሉም። ጋሻው የእጁ ሥራ ነው። ቀድሞ ተገልብጦ ታትሞ ነበር። ማስረጃ፦ ልጁ ፀሐዩ ይርዳው።» የሚጨመር ወይም የሚቀነስ ካለ በአሥር ቀን ውስጥ ይድረሰኝ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። መስታወቱን በብርሃኑ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥልዎ መጀመሪያ አባትዎን አዩ። ከዚያ ማጉያውን ወደ ዳር አዙረው ብዙ ቆዩ። ሶሊ ክንድዎን ስትነካ እንኳ አልሰሟትም። ወረቀቱ ላይ ያ ጥግ ተቆርጦ ስለወጣ ከዚህ በፊት አላዩትም። ምን እንዳዩ መጠየቅ አስቤ ነበር፤ ፊትዎን አይቼ ተውኩት።

አክባሪዎ
የወይንሐረግ


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለልጄ የወይንሐረግ

እንኳንም ያኔ አልጠየቅሽኝ። በዓብዩና በሶሊ ፊት መልስ አይወጣኝም ነበር።

የጻፍሽው ልክ ነው። አንድም የሚቀነስ የለውም። የሚጨመር ግን አለ።

በመስታወቱ ጥግ የተቀመጠችውን ሴት ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ በነበረው ወረቀትሽ «አገልጋይ» ብለሽ እንደጻፍሻት አይቻለሁ። ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ በአሮጌው መዝገባችሁ እንደዚያ ተጽፎ ነው የቆየሽ። እናቴ ናት። አልጠበቅኋትም ነበር። አንድ ሰው ልጠይቅ ሄጄ ሁለቱን አገኘኋቸው።

ስለ አባቴ ይህን ሁሉ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ስለሷ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፤ አዲስ አበባ አምጥታ አስተማረችኝ ብዬ አለፍኩ። በውነቱ ከሆነ እሷንም ደብቄያታለሁ። ለሰው ሁሉ፣ ለሚስቴም ጭምር፣ «ባላባት ናት» ብያለሁ፤ እሷም ስለኔ ብላ ቃሌን አላፈረሰችም። የሞተችው አርጅታ፣ በኔው ቤት፣ የልጄን ቀሚስ እየጠቀመች ነው።

ጋሻውን አባቴ ቆዳውን ይፋቅ፣ ይወጥር፣ ያድርቅ እንጂ ጋሻው የሚለብሰውን ከፈይ ለክታ የምትቆርጠውና የምትሰፋው እሷ ናት። ያለ ከፈይ መኳንንት አይገዙትም። ጋሻ ሠሪ ሲባል ሁለት ሰው ማለት ነበር፤ ሰው ግን የሚቆጥረው አንዱን ነው፣ እኔም የቆጠርኩት አንዱን ነው።

ማጉያውን ይዤ የቆየሁበትን ልንገርሽ። አባቴ ፎቶ አንሺው እንዳዘዘው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እያንዳንዱ የጺሙ ጸጉር ይታያል። እሷ ከፈዩን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቀና ብላ ታያለች፤ ፊቷ ጥርት ያለ ነው። ቀኝ እጇ ግን የለም፤ በቦታው ጭስ የመሰለ ነገር አለ። መጀመሪያ መስታወቱ ተጎድቶ መሰለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ሁሉም አትነቃነቁ ሲባሉ እሷ መስፋቷን አላቆመችም።

ሰነዱ ላይ ለሁለት ስም ቦታ ይኑር አይኑር አላውቅም። ከሌለ የኔን አውጪና የሷን በቦታው አስገቢ።

ውብነሽ ሽብሩ ትባላለች። ጋሻ ሠሪ።

ፀሐዩ